ከብትና የዱር እንስሳት በአንድ ግጦሽ፦ የፉክክር ስሌት

ከኮኪት በስተደቡብ፣ በቋራ ወረዳ፣ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሱዳን ጋር ተዋስኖ ይገኛል። በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ፓርክ 2,665 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ከድንበር ማዶ የሚመጡትን ጨምሮ ለግጦሽ የሚነዱ ከብቶች ከዱር እንስሳት ጋር የሚያደርጉትን ሽሚያ በሒሳብ እንዴት እንገልጸዋለን?

መነሻችን ኢጣሊያዊው ቪቶ ቮልቴራና አሜሪካዊው አልፍሬድ ሎትካ ያዳበሩት የፉክክር ቀመር ነው፦

የዱር እንስሳቱ ዕድገት = ዕ × ዱ × [1 − (ዱ + ፉ × ከ) ÷ አ]

ዱ የዱር እንስሳቱ፣ ከ የከብቶቹ ቁጥር ነው። ዕ የመራባት ፍጥነትን፣ አ ከብት በሌለበት መሬቱ የሚሸከመውን የዱር እንስሳት ብዛት፣ ፉ ደግሞ አንድ ከብት የስንት የዱር እንስሳ ድርሻ እንደሚወስድ ያመለክታል።

ለምሳሌ ያህል አ = 600፣ ፉ = 2 እንበል። ቁጥሩ የሚረጋው ዱ = አ − ፉ × ከ ሲሆን ነው። ስለዚህ 200 ከብቶች ሲገቡ 200 የዱር እንስሳት ይቀራሉ፤ 300 ሲገቡ ግን አንድም አይተርፍም።

ፉ እንደ አመጋገብ ይለያያል። አጋዘን በአመዛኙ ቅጠል በል በመሆኑ፣ ሣር ከሚግጠው በሬ ይልቅ ቁጥቋጦ የምትቀነጥበው ፍየል ትሻማዋለች።

በቀመሩ መሠረት ሁለቱ ወገኖች አብረው የሚዘልቁት፣ እያንዳንዱ ተቀናቃኙን ከሚገታው ይበልጥ ራሱን ሲገታ ነው። ከብት ግን ሣር ሲያልቅ ወደ ሌላ ስፍራ ይነዳል፤ መኖና ክትባትም ያገኛል። ቁጥሩን ፓርኩ ብቻውን ስለማይገታው በሰዎች ስምምነት ሊወሰን ይገባል።

መልመጃ፦ ፉ = 1.5 ቢሆንና 300 የዱር እንስሳት እንዲቀሩ ብንሻ፣ ከ ከስንት መብለጥ የለበትም? (መልስ፦ 200)