የቤት ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሶኬትና የኤሌክትሪክ አጠቃቀም
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች በአብዛኛው የገበሬ ቤት እንጀራ የሚጋገረው በእንጨት፣ በኩበትና በአገዳ ነው። ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም ይኸው የእንጀራ ምጣድ ነው። የነደደ ኩበት ለማሳ ፍግ አይሆንም፤ የተቆረጠ ዛፍም ተዳፋቱን ከጎርፍ አይከላከልም። በቦረናና በሳይንት የሚገኘው የደንቆሮ ደን ከሚጎዳባቸው ምክንያቶች አንዱ ማገዶ ፍለጋ ነው። ስለዚህ መስመር በደረሰበት ቀበሌ የኤሌክትሪክ ምጣድን ማስፋፋት የአፈር ጥበቃ ሥራ ክፍል ነው እንላለን።

ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ብዙ ኃይል የሚስበው ምጣድ ነው። ለመብራት ብቻ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ከተሰካ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። የልማት ሠራተኛው ስለ ምጣድ ከማስተማሩ በፊት ስለ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ስለ ሶኬትና ስለ ሽቦ ማወቅ ይኖርበታል።

2. ማብሪያ ማጥፊያ

ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የሚመጣው በሁለት ሽቦ ነው። አንዱ ኃይል ያለበት ፌዝ፣ ሁለተኛው መመለሻው ኒውትራል ይባላል። በትክክል በተሠራ ቤት ሦስተኛ የመሬት ሽቦ ይጨመራል፤ ይኸውም የመሣሪያው ብረት ኮረንቲ ቢይዝ ወደ መሬት የሚያወርድ ነው።

የተለመደው ማብሪያ ማጥፊያ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። መቁረጥ ያለበትም ፌዙን ነው። ሠራተኛው ተሳስቶ በኒውትራሉ ላይ ከገጠመው አምፖሉ ይጠፋል፤ ፌዙ ግን እስከ አምፖሉ መያዣ ድረስ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ መብራት ጠፋ ማለት ኮረንቲ ተቋረጠ ማለት አይደለም። አምፖል የሚቀይር ሰው ዋናውን ማጥፊያ ከቆጣሪው አጠገብ ማጥፋት አለበት። የሽቦ ቀለምም ከቤት ቤት ስለሚለያይ በቀለም ብቻ መተማመን አይገባም።

3. ሶኬትና ሽቦ

አንድ መሣሪያ የሚስበውን አምፔር ለማወቅ ዋቱን ለቮልቱ ማካፈል ነው። ለምሳሌ 3,500 ዋት ምጣድ ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። በተለመደው ሶኬት ላይ የተጻፈው ከፍተኛ መጠንም 16 አምፔር ነው። እንግዲህ ምጣዱ ብቻውን ሶኬቱን ይሞላዋል። በዚያው ሶኬት ላይ በማከፋፈያ 1,500 ዋት ምድጃ ቢጨመር 23 አምፔር ገደማ ይደርሳል፤ ሶኬቱም ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳት ይነሣል።

ስለዚህ፦

ሀ/ ምጣድ የራሱ መስመር፣ የራሱ ሶኬትና የራሱ ብሬከር ይኑረው።
ለ/ ለመብራት የሚበቃው የ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ለምጣድ አይበቃም። ከ2.5 የማያንስ የመዳብ ሽቦ፣ ርቀት ሲኖር ደግሞ 4 ካሬ ሚሊሜትር ያስፈልጋል።
ሐ/ ብሬከር ደጋግሞ ሲወድቅ በትልቅ አይተካ፤ የተቃጠለ ፊውዝም በተራ ሽቦ አይታሰር። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ መውደቁም ጭነት መብዛቱን ወይም ብልሽት መኖሩን ያመለክታል።
መ/ የሚግል፣ የጠቆረ ወይም የሚሸት ሶኬት ወዲያውኑ ሥራ ያቁም።

4. ከጎረቤት የሚሳብ መስመር

ቆጣሪ የሌለው ቤት ከጎረቤት መስመር ሲስብ ይታያል። ርቀቱ 50 ሜትር፣ ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው እንበል። ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 100 ሜትር ይሆናል። ምጣድ ሲሰካ 17 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ 250 ዋት ያህልም ሽቦውን በማሞቅ ይባክናል። ምጣዱ በ3,500 ዋት ፈንታ 3,000 ዋት ገደማ ብቻ ያገኛል። እንጀራው ዐይን አላወጣም ሲባል ጥፋቱ የሊጡ ሳይሆን የሽቦው ሊሆን ይችላል። የባከነውንም ቆጣሪው ይቆጥረዋል፤ የብዙ ቤት ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ታሪፉ ወደ ከፍተኛው እርከን ይወጣል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባሎቻቸውን አስተባብረው፣ በ2006 ዓ.ም. ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በየስማቸው የቆጣሪ ጥያቄ እንዲያቀርቡ ቢረዱ ይጠቅማል።

5. የፍጆታ ስሌት

ዋት በሰዓት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል ቆጣሪው የሚቆጥረውን ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል።

- ምጣድ፦ 3,500 ዋት፣ በወር 8 ጊዜ፣ በየጊዜው 2 ሰዓት = 56 ኪሎዋት ሰዓት
- አራት ባለ 60 ዋት የቀድሞ አምፖሎች፣ በቀን 5 ሰዓት = በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት
- አራት ባለ 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች፣ በቀን 5 ሰዓት = በወር 5.4 ኪሎዋት ሰዓት

አምፖል በመቀየር ብቻ የሚተርፈው 30.6 ኪሎዋት ሰዓት ምጣዱ በወር ከሚፈጀው ከግማሽ በላይ ነው። ሊጡን አዘጋጅቶ ምጣዱ እንደሞቀ በተከታታይ መጋገርም ይቆጥባል፤ የቀዘቀዘን ምጣድ እንደገና ማሞቅ ትርፍ ወጪ ነውና።

6. ማሳሰቢያ

- በእርጥብ እጅ ማብሪያ ማጥፊያም ሆነ ሶኬት አይነካ።
- በክረምት ነጎድጓድ ሲቃረብ መሣሪያዎች ከሶኬት ይነቀሉ።
- በማኅበራት መጋዘን የእህልና የማዳበሪያ ጆንያ ከሶኬትና ከሽቦ ርቆ ይደርደር።
- ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ አትንኩ። አስቀድማችሁ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ፤ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት አላቁትና ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።
- የመስመር ዝርጋታ ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይሰጥ። ምሰሶውና ቆጣሪው የአገልግሎቱ ስለሆኑ ማንም አይነካካቸው።

የልማት ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲጎበኙ የምጣዱን ሶኬትና ሽቦ እንዲመለከቱ፣ ጉድለት ያገኙበትን ቤት መዝግበው ለማኅበሩ እንዲያስታውቁ እናሳስባለን።