ምዕራፍ 3፦ ከሁሉ በፊት ቁሌት

ማጀት ገብቶ የማያውቅ ሰው ምግብ ሥራ ልማር ሲል ብዙውን ጊዜ ልቡ የሚሮጠው ወደ ዶሮ ወጥ ነው። ይህን ምኞት ለጊዜው ያቆዩት። ዶሮ ወጥ 12 ብልት ማውጣትን፣ ደጋግሞ ማጠብን፣ ብዙ ሽንኩርት ለሰዓታት ማቁላላትን በአንድ ቀን ይጠይቃል። ጀማሪ አስቀድሞ መቻል ያለበት አንድ ነገር ቁሌት ነው። ምስሩም፣ ክኩም፣ ሥጋውም፣ ዶሮውም የሚጥመው ቁሌቱ ሲበስል ነው።

በምስር ወጥ ይጀምሩ፤ የተከካ ቀይ ምስር ቶሎ ይበስላል። ሦስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት አድቅቀው ይክተፉና ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ላይ ያማስሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ “ያርብኛል” ብሎ ዘይት ለመጨመር ይቸኩላል። አይቸኩሉ። ከሽንኩርት ክብደት ከአሥር እጅ ዘጠኝ የሚጠጋው ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ የሚበስለው በራሱ ውሃ ነው። ድስቱን መያዝ ሲጀምር ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ለስልሶ የጥሬ ሽታው ሲጠፋ ዘይቱን ይጨምሩ።

አሁን በርበሬ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ብዙ ወጥ የሚበላሸው እዚህ ነው። በርበሬ በጋለ ዘይት ላይ በቅጽበት ያርና ይመራል፤ ያረረን በርበሬ ደግሞ ቅቤም ሆነ መከለሻ አያድነውም። እሳቱን ይቀንሱ፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ ማማሰያውን ከእጅዎ ሳይለዩ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያቁላሉት። ቀለሙ ጠቆር ብሎ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ በስሏል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያም አንድ ኩባያ የታጠበ ምስርና ሦስት ኩባያ ሙቅ ውሃ ይጨምሩ፤ ጨው መጨረሻ ላይ።

እናቶቻችን መጠኑን ሲጠየቁ “አይተህ ነዋ!” ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ዓይን የሚለምደው ከጊዜ በኋላ ነው። እስከዚያው ሁልጊዜ በአንድ ኩባያ ይስፈሩ፣ ያደረጉትንም በደብተር ይጻፉ።

ሰዓትን ግን ብዙ አይመኑት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለች እህትዎ “ቶሎ ደረሰልኝ” ያለችው ምስር እዚህ ቢዘገይ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። አንዷን ፍሬ በጣትዎ ጨፍልቀው ይዩ፤ መሃሏ ካልጠነከረ ደርሷል።

በዚህ ሳምንት ምስሩን ደጋግመው ይሥሩት። በሚቀጥለው በርበሬውን ትተው በምስሩ ፋንታ የአተር ክክ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥቂት እርድ ይጨምሩ፤ ያው ሽንኩርት አልጫ ይሆንልዎታል።