አጥንት በአዩርቬዳ ዓይን

ጥያቄ፦ እናቴ አጥንቷ ሳስቷል ተብላለች። ሕንድ ያለችው እህቴ የአዩርቬዳ መድኃኒት ልላክ ትላለች። ትውሰደው?

መልስ፦ በሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ በአዩርቬዳ፣ አካል የሚገነባው ከሰባት «ዳቱዎች» (ሕብረ ሕዋሳት) ነው፤ አምስተኛው አጥንት፣ «አስቲ» ይባላል። ከስብ ይፈጠራል፣ መቅኔን ይወልዳል፤ ፀጉርና ጥፍር ደግሞ ተረፈ ምርቱ ናቸው ይላሉ። ስለዚህ ባለሙያው አጥንት መጎዳቱን ሲጠረጥር የሚሰባበር ጥፍር፣ የሚረግፍ ፀጉርና የላላ መገጣጠሚያ ይፈልጋል። ጥፋቱንም አጥንት ውስጥ ያድራል ለሚሉት የነፋስ ባሕርይ፣ ለ«ቫታ» ይሰጣል። የጥንቱ የአዩርቬዳ ሐኪም የሱሽሩታ መጽሐፍ 300 አጥንት ይቆጥራል፤ ዛሬ የአዋቂ ሰው 206 መሆኑን እናውቃለን።

የአዩርቬዳ ባለሙያዎች ለአጥንት የሚያዙት ወተት አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከተቃጠለ ብረትና ማዕድን የሚዘጋጀው ዱቄት፣ «ባስማ» ነው። በአንዳንድ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች እርሳስ ተገኝቷል፤ እርሳስ ደግሞ በብዛት የሚጠራቀመው እዚያው አጥንት ውስጥ ነው። እባክዎ፣ ሐኪማቸው ሳያውቅ ለእናትዎ ምንም እንዳይሰጧቸው።