ወደ ጉድጓድ ከመውረድ አስቀድሞ የኦክሲጅን መለኪያን ስለ ማዘጋጀት

የምንተነፍሰው ንጹሕ አየር ከመቶ 20.9 እጁ ኦክሲጅን፣ 78 እጅ የሚሆነው ናይትሮጂን ነው። ነገር ግን ተዘግቶ በቆየ የውሃ ጉድጓድ፣ በእህል ጉድጓድ፣ በታንክና በፍሳሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ኦክሲጅኑ ከዚህ ሊያንስ ይችላል። የእህል መተንፈስ፣ የቆሻሻ መበስበስና የብረት ዝገት ኦክሲጅኑን ይጨርሱታል፤ ከአየር የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከሥር ይጠራቀማል። እንዲህ ያለው አየር በዓይን አይታይም፤ ብዙ ጊዜም ሽታ የለውም። ስለዚህ የወረደው ሰው ሳያውቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ እርሱን ላወጣ ብሎ የሚከተለውም በዚያው ይቀራል።

ሻማ ወይም ፋኖስ አውርዶ መፈተን አይበቃም። ነበልባል ኦክሲጅኑ ለሰው ከሚገባው መጠን ካነሰ በኋላም ሊነድ ይችላልና፤ በውስጡ ተቀጣጣይ ጋዝ ካለም ፍንዳታ ያስከትላል። ተገቢው መሣሪያ የኦክሲጅን መለኪያ ነው። ይኸውም በሚከተለው ሥርዐት ይዘጋጃል።

1ኛ/ መሣሪያው እንዳልተሰነጠቀ፣ የውስጡም ፈሳሽ እንዳልፈሰሰ ይመርመር። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላልና በባዶ እጅ አይነካ።

2ኛ/ ከሞተር ጭስና ከጉድጓዱ አፍ ርቆ በንጹሕ አየር ይከፈት። ሠሪው በመጽሐፉ የወሰነውን ጊዜ ከጠበቁ በኋላ ቍጥሩ በ20.9 ላይ ይስተካከል።

3ኛ/ ንጹሕ ናይትሮጂን በዝግታ ይለፍበት፤ ቍጥሩም ወደ 0 መውረድ አለበት። ካልወረደ መሣሪያው ይጠገን እንጂ ለሥራ አይዋል። ናይትሮጂን ራሱ ሰውን ስለሚያፍን ይህ ፈተና ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይደረግ፤ ሲሊንደሩም እንዳይወድቅ ይታሰር።

4ኛ/ ቱቦው ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር እየወረደ፣ በየደረጃውም ቍጥሩ እስኪረጋ እየተጠበቀ ይለካ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው መሣሪያው የሚስተካከልበት ቦታ ነው። የኦክሲጅኑ እጅ በምጽዋም በአሥመራም አንድ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአሥመራ ከባሕር ዳር ግፊት ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ግፊትን በራሱ የማያርም መለኪያ በምጽዋ ተስተካክሎ ወደ አሥመራ ቢወጣ በንጹሕ አየር 16 ገደማ ያሳያል። ይህ ስሕተት ሥራን ያስተጓጕላል እንጂ ሰው አይገድልም። በአሥመራ ተስተካክሎ ወደ ምጽዋ ቢወርድ ግን 16 እጅ ያህል ኦክሲጅን ብቻ ያለበትን ጉድጓድ 21 እንዳለው አድርጎ ያሳያል፤ ሠራተኛውም ቍጥሩን አምኖ ወደ አደጋ ይወርዳል። ስለዚህ መለኪያው በዕለቱ፣ ሥራው በሚሠራበት ቦታ ይስተካከል።

ቍጥሩ ከ19.5 ካነሰ ማንም አይውረድ፤ ከ23.5 ከበለጠም እሳት በቀላሉ ስለሚነሣ ሥራው ይቁም። ደግሞም ይህ መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ከፍሳሽ የሚወጣውን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ አያሳይምና እነዚህ በየራሳቸው መለኪያ ይፈተኑ።

ሠራተኛ እንዲወርድ የሚፈቅድ ሹም ቍጥሩን ብቻ አይጠይቅ፤ መለኪያው የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት እንደ ተስተካከለ ጠይቆ በመዝገብ ያስጽፍ። መልስ ካልተገኘ ፈቃዱ ይቆይ።