ከእሳት የወረደ ማባያ

በኬሚሴ ዙሪያ፣ በቦርከና ወንዝ አካባቢ፣ በመስኖ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት ይመረታል። ምርቱ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል። የበሰለው ቲማቲም ገበያ ሳይወጣ ይበሰብሳል። ታዲያ ለቤታችን ምን እናድርገው?

ብዙዎቻችን ቲማቲሙን በጥሬው ከትፈን ከቃሪያ ጋር እንበላዋለን። ይጣፍጣል። ነገር ግን ከብት የሚጠጣበት፣ ሰው የሚታጠብበት ወንዝ ያጠጣው አትክልት አሜባና የወስፋት እንቁላል ይዞ ሊመጣ ይችላል። እነዚህ በዓይን አይታዩም። አሜባው ተቅማጥ ያስይዛል። ተቅማጥ ደግሞ የሕፃኑን ሰውነት ውሃ ይጨርሳል፤ በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። እሳት እነዚህን ተሐዋስያን ይገድላል። ስለዚህ ጠብሰን እንፍጨው።

አሠራሩ ይኸውላችሁ፦

1. አራት የበሰለ ቲማቲም፣ ሁለት ቃሪያና ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ በንጹሕ ውሃ እንጠብ።
2. ምጣዱን ያለ ዘይት እናግለው። ሁሉንም ጣል አድርገን እያገላበጥን እንጥበስ። ነጭ ሽንኩርቱና ቃሪያው ቀድመው ይወጣሉ። ቲማቲሙ ግን ቆዳው እስኪጠቁርና እስኪሰነጠቅ፣ ውስጡም እስኪፈላ ይቆይ። የቃሪያ ጢስ ያስላልና በሩን እንክፈት፤ ሕፃናትንም እናርቅ።
3. ነጭ ሽንኩርቱን እንላጥ። መጀመሪያ እሱን፣ ቃሪያውንና ጨዉን እንፍጭ። ቲማቲሙ ውሃ ስላለው መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ቃሪያው እየተንሸራተተ አይደቅም።
4. ከወረደ በኋላ ግማሽ ሎሚ እንጭመቅበት። እሳት የአትክልቱን ቫይታሚን ሲ ይቀንሳል፤ ሎሚው ይተካዋል። ይህ ቫይታሚን በማሽላ እንጀራችን ውስጥ ያለው ብረት ከሰውነታችን እንዲዋሐድ ይረዳል።

ይህ አሠራር ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። ቃሪያ ተፈጭቶ አንዳንዱ ዳጣ፣ ሌላው ቆጭቆጫ ይለዋል። ፊደል ልናስቆጥር የመጣን እኛ ተማሪዎችም ከምድጃ ዳር የተማርነው ብዙ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ግን አገራቸው ሩቅ ነው። ኮሎምቦስ በ1492 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወደ አሜሪካ እስኪደርስ ድረስ የእኛ አያቶች አያውቋቸውም ነበር። ቲማቲም የሚለው ስም እንኳ ከሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ነው። የሜክሲኮ ገበሬዎች ዛሬም ቲማቲሙን በምጣድ ጠብሰው፣ በድንጋይ ሙቀጫ ፈጭተው፣ ከበቆሎ ቂጣ ጋር ይበሉታል። ሳልሳ ይሉታል፤ ማባያ ማለት ነው።

አንድ ነገር እንዳንረሳ። እሳት ያጸዳውን የቆሸሸ እጅ መልሶ ያበላሸዋል። እጃችንን በሳሙና፣ የመፍጫውን ድንጋይና ሎሚውን በፈላ ውሃ እንጠብ። ማባያውን በዕለቱ እንብላው፤ ያደረውን ለልጅ አንስጥ። ለሕፃኑ ከቃሪያው በፊት የተጠበሰውን ቲማቲም ለብቻው እናስቀርለት።

ጥያቄዎች
1. ቲማቲሙ የሚጠበሰው ለጣዕሙ ብቻ ነው?
2. ሎሚው ለምን ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመቃል?
3. በእናንተ ቤት የመፍጫው ድንጋይ መቼ መቼ ይታጠባል?