«ጨረሩ በላኝ»፦ ከአሽዶድ ለመጣ ጥያቄ የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሽዶድ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣላት በኋላ ከእሑድ እስከ ሐሙስ በየቀኑ ሃክራና (የጨረር ሕክምና) ትገባለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ደህና ነበረች። አሁን ግን ከጡቷ ሥር ያለው ቆዳ ጠቁሮ መላጥ ጀምሯል፤ አንዳንዱ ቦታም ረጥቧል። «ጨረሩ በላኝ፤ ከእንግዲህ አልሄድም» እያለች ነው። ጎረቤት ደግሞ «ልጆች አይቅረቧት» ስላለ የልጅ ልጆቿን ማቀፍ ትታለች። አንድ ዘመዳችን «ጨረር ሕዋሳትን ያያዘውን ሙጫ ስለሚፈታው ካንሰሩን ይበትነዋል» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ከሁሉ አስቀድሜ የልጆቹን ነገር ልመልስ፤ አያትና የልጅ ልጅ በከንቱ መራራቃቸው ያሳዝናልና። እናትሽ የሚወስዱት ጨረር ከውጭ፣ ከማሽን የሚመጣ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ያበቃል። በልብሳቸው፣ በላባቸው ወይም በትንፋሻቸው ወደ ልጆቹ የሚያልፍ ነገር የለም። ለእንቅርት ካንሰር ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚውጡ ሕሙማን ለጥቂት ቀናት ከልጆች እንዲርቁ ይመከራሉ፤ ወሬው የመጣው ምናልባት ከዚያ ይሆናል። የእናትሽ ሕክምና ግን ሌላ ነው።

ወደ ቆዳቸው ልምጣ። የጨረር ዋና ዒላማ በሕዋስ እምብርት ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ሕዋስ ከቅባት በተሠራ እጅግ ስስ ድርብ ሽፋን የተከበበ ነው፤ ጨረሩ እርሱንም አይምርም። በሰውነታችን ያለውን ውኃ ሲመታ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ዕረፍት የለሽ ቅንጣቶች ይፈጠሩና የሽፋኑን ቅባት ያበላሹታል። ቅቤ ሲከርም ጠረኑ የሚለወጠው በከፊል በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አድሪያና ሃይሞቪትዝ-ፍሪድማንና ባልደረቦቿ ኒውዮርክ ውስጥ እምብርቱ ከሌለበት የሕዋስ ሽፋን ላይ ጨረር ቢለቁበት፣ ሽፋኑ ብቻውን ሴራማይድ የሚባል ቅባት ሲያወጣ አዩ። ሴራማይድ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዝ መልእክት ነው። ዲኤንኤው ሳይነካ እንኳ ሽፋኑ ሞትን ሊጠራ ይችላል ማለት ነው።

አሁን የእናቶቻችንን ስፌት አስቢው። እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ጋር በአክርማ እየተጠለፈ ነው ሌማቱ የሚቆመው። ቆዳችንም እንዲሁ ነው። ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዙት ካድሄሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ከሥራቸው ካለው መደብ ጋር የሚያስሯቸው ደግሞ ኢንተግሪን ይባላሉ። ጨረር ይህን ክር ያላላዋል። ከክሩ ይልቅ ግን ክፉኛ የምትጎዳው ሰፊዋ ናት፦ በቆዳ ታችኛው ንብርብር ተቀምጠው አዳዲስ ሕዋሳትን የሚወልዱት እናት ሕዋሳት። አንድ የቆዳ ሕዋስ ከታች ተወልዶ ላይ ደርሶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። እናትሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደህና የነበሩት ለዚህ ነው። አሮጌው ሲረግፍ ተተኪው አልደረሰም። ከጡት ሥርና ብብት ላይ የሚብሰው ደግሞ ላብና መፋተግ ስለሚበዛ ነው።

በደም ሥሮች ውስጥ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። እዚያ መጣበቅ ይበዛል። የተመቱት የደም ሥር ሕዋሳት ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚይዙ ፕሮቲኖችን ወደ ውስጠኛው ገጻቸው ያወጣሉ፤ ነጮቹም እየተያዙ ወደ ቆዳው ይገባሉ። ሙቀቱ፣ እብጠቱና ማሳከኩ ከዚህ ይመጣል።

አንድ ነገር አስምሬ ልናገር። መጻሕፍቱ የመጀመሪያው ምልክት «መቅላት» ነው ይላሉ። በእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ አይታይም፤ የሚታየው መጥቆር፣ መወጠርና መሞቅ ነው። ስለዚህ ነርሷ አይታ «ደህና ነው» ልትል ትችላለች። እናትሽ «ያቃጥለኛል፣ ይለበልበኛል» ብለው በአፋቸው ይናገሩ፤ ዕብራይስጡ ካስቸገራቸው አስተርጓሚ ጠይቁ። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሙጫው ከላላ፣ ካንሰሩስ አይበተንም?

መልስ፦ የዘመድሽ ሐሳብ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ፣ በጨረር ተመትተው ያልሞቱ አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳት አያያዛቸው ሲለወጥና ከቦታቸው ሲንቀሳቀሱ ታይቷል። ሳህን ግን ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት እንደ እናትሽ እብጠቱ ብቻ የወጣላቸውን 10,801 ሴቶች ከ17 ሙከራዎች ሰብስቦ ነበር። ጨረር ካልወሰዱት መካከል በ10 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ከመቶ 35 ሲሆኑ፣ ከወሰዱት ግን ከመቶ 19 ገደማ ናቸው። በ15 ዓመት በጡት ካንሰር የሞቱትም ከ25 ወደ 21 ከመቶ ወርደዋል። ጨረር ካንሰሩን የሚበትነው ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣ ነበር።

የጎረቤቶቻችሁን ፍርሃት ግን አልንቀውም። አሽዶድ እ.ኤ.አ. በ1956 ስትመሠረት መጀመሪያ ከሰፈሩባት መካከል ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። በእስራኤል በዚያው ዘመን ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ለራስ ጭርት ተብሎ ጭንቅላታቸው በጨረር ተመትቷል። ፕሮፌሰር ባሩክ ሞዳን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጥናት ከእነዚህ ልጆች መካከል የአንጎልና የእንቅርት ዕጢ መብዛቱን አሳየ፤ በ1994 የካሣ ሕግ ወጣላቸው። ያ በደል ነው። ለማይገድል በሽታ የጤነኛ ልጅ ራስ በጨረር ተመታ። የእናትሽ ጨረር በኮምፒውተር ተለክቶ፣ ካንሰሩ ሊመለስ በሚችልበት ቦታ ላይ ያነጣጥራል። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ አነስተኛ አደጋ በዚህም አለ፤ ጥቅሙ ግን በእጅጉ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ምን እናድርግላት?

መልስ፦ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠቡ፤ በፎጣ ሳይፈትጉ መታ መታ እያደረጉ ያድርቁ። ሰፊ የጥጥ ልብስ ይልበሱ። በረጠበው ቦታ ላይ ቅቤ አትቀቡ፤ ቁስል ላይ ጀርም ያስገባል። ጤና አዳምማ ፈጽሞ አይነካቸው፦ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ጤነኛውን ቆዳ እንኳ ያቃጥላል፤ የአሽዶድ ፀሐይ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ቫይታሚን ኢና ሲን በብዛት በኪኒን ከመዋጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ጨረሩ ካንሰሩን የሚገድለው በከፊል በእነዚያው ፍሪ ራዲካሎች ነውና። ትኩሳታቸው 38 ከደረሰ፣ መግል ከታየ ወይም ሽታ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ደውሉ።

ሕክምናውን ግን በመሃል እንዳያቋርጡ። ጨረር በየቀኑ ተከፋፍሎ የሚሰጠው ጤነኛው ሕዋስ በመካከሉ ራሱን እንዲጠግን ነው፤ ዕረፍቱ ሲረዝም የካንሰሩም ሕዋስ ያገግማል። ይህ ዕድል ሁልጊዜ በቅርብ የሚገኝ አልነበረም፦ በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር። አሽዶድም ራሷ አሱታ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2017 እስኪከፈት ድረስ ሆስፒታል አልነበራትም።

ቆዳው ሕክምናው ካበቃ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሊብስ ይችላል፤ ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ እንዳይደነግጡ። ከዚያ በኋላ የተረፉት እናት ሕዋሳት ስፌቱን እንደገና ይጀምራሉ፤ አብዛኛው ሰው በአንድ ወር ገደማ ይድናል፣ ጥቁረቱ ብቻ ይዘገያል። እናትሽ የቀራቸውን ቀጠሮ ይጨርሱ፤ የልጅ ልጆቻቸውንም ዛሬውኑ ይቀፉ።