ብሩሹን አስቀምጪው

እሙዬ፣ ብሩሹን አስቀምጪው። አዎ፣ አሁኑኑ። የቫርኒሹንም ጣሳ ክደኚና ነይ እዚህ ቁሚ። የመግቢያው እንጨት ፀሐይ በልቶት ግራጫ እንደሆነ እኔም አያለሁ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢቀባ እንደ ጠጅ እንደሚያበራም አውቃለሁ። ግን ይህችን የሸራ ጀልባ ከገዛሽ ገና ሁለት ሳምንትሽ ነው፤ እኔ እህትሽ ደግሞ በዚሁ ብሩሽ ቀድሜሽ ተቃጥያለሁ።

የኔን የገዛሁ ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሑዴን የውስጧን እንጨት ሳሽና ስቀባ ከረምኩ። ከዋሽንግተን ሊያየኝ የመጣ ሁሉ «ሆቴል አስመሰልሻት!» ሲለኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሐምሌ ላይ አናፖሊስን ዶፍ መታት። ጠዋት ስገባ ፍራሹ ርሷል። በሳምንቱ ያ የሚያበራ ቫርኒሽ አረፋ ሠርቶ ተነሣ፤ ስፍቀው ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ጠቁሯል። ለካ ስቀባ የከረምኩት አስቀድሞ የበሰበሰ እንጨት ነው! ውኃው በየት እንደገባ ስፈልግ ከአልጋው በላይ ምንም የለም። ሁለት ሜትር ወዲያ፣ የዳር አጥሩን ከያዘች አንዲት ብሎን ሥር አገኘሁት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ተራውን ያዢልኝ። መጀመሪያ ውኃ የሚያስገባው፣ ቀጥሎ ምሰሶውን የሚጥለው፣ ከዚያ እሳት የሚያስነሣው። የሚያምረው መጨረሻ ነው።

ደግሞ ይህን ስልሽ ግዢሽን እያጣጣልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ኒውዮርክ በተደረገው የጀልባ ትርኢት ላይ ፒርሰን ትራይተን የምትባል 28 ጫማ የፋይበርግላስ ጀልባ ቀረበች፤ ንድፏ የስዊድን ተወላጁ የካርል አልበርግ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የሚገዛቸው የፋይበርግላስ ጀልባዎች በብዛት ተሠሩ። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በየጀልባ ማቆሚያ ግቢው በርካሽ የሚሸጡት የነሱ ትራፊዎች ናቸው። ፋይበርግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም፣ እንደ ብረት አይዝግም። ያረጀው ቀፎው ላይ የታሰረው፣ የተበሳው፣ የተጣበቀው ነገር ነው። የአንቺም ሥራ እዚያ ላይ ነው።

እስቲ ያንን ካቻቢቴ አቀብይኝ። አይ፣ በጫፉ አይደለም፣ በእጀታው። ገበያ ላይ እማዬ የሸክላ ምጣድ ስትገዛ በጣቷ አንኳኩታ እንደምታዳምጠው አድርገሽ ይህን የቆምንበትን የላይኛውን ወለል አንኳኪው። «ጠቅ፣ ጠቅ» ካለ ደኅና ነው። እዚህ የአጥሩ ቋሚ ሥር ስትደርሺ ግን... ሰማሽ? ድምፁ ደነዘ። እርጥብ ግድግዳ እንደመምታት ነው። በእርሳስ ክበቢው። ወለሉን ሁሉ እንዲህ እያንኳኳሽ ደንዛዛውን ክበቢ፤ በተለይ ብሎን ያለበትን ቦታ ሁሉ፣ የምሰሶውን ሥር፣ የመስኮቶቹን ዳር።

ምን ሆኖ መሰለሽ? ይህ ወለል እንደ ሳንድዊች ነው፤ ከላይና ከታች ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት። ባሕር ዳር ልጆች ሳለን የነገደ ወይጦ ሰዎች የደንገል ታንኳቸውን ማታ ማታ ከጣና አውጥተው እንዴት እንደሚያቆሙት ታስታውሺያለሽ? ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ባለታንኳው ይህን ስለሚያውቅ በየቀኑ ያደርቀዋል። ባልሳም ውኃ ይጠጣል፤ ልዩነቱ በሁለት ፋይበርግላስ መካከል ስለተቀበረ መጠጣቱን ማንም አያይለትም፣ ማንም አውጥቶ አያሰጣውም። ብሎኗ ሥር ያለው ማሸጊያ ሲያረጅ ጠብታው ይገባል፣ እንጨቱ ይልማል፣ ወለሉም ጥንካሬውን ያጣል።

ድንዛዜው መዳፍ የምታህል ከሆነች አትደንግጪ። ቋሚውን ንቀዪው። በያንዳንዱ ቀዳዳ የተቆለመመ ሚስማር አስገብተሽ በድሪል አሽከርክሪው፤ ሚስማሩ በሁለቱ ፋይበርግላስ መካከል ያለውን የላመ ባልሳ ፍቆ ያወጣልሻል። ቦታው በደንብ ይድረቅ፤ እዚህ ላይ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን አትርሺ። ከሥር በቴፕ ድፈኚው። መጀመሪያ ቀጭን ኢፖክሲ አጠጪው፣ ቀጥሎ ለኢፖክሲ በተሠራ ማወፈሪያ ዱቄት ያወፈርሽውን ሙዪበት፤ ውፍረቱ እንደ ገንፎ ይሁን እንጂ እንደ አጥሚት አይሁን። ሲጠነክር መሃሉን እንደገና ብሺው። ከእንግዲህ ብሎኗ የምታልፈው በኢፖክሲ ውስጥ ነው፤ ማሸጊያው አንድ ቀን ቢያፈስ እንኳ ውኃው ባልሳውን አያገኘውም።

ኢፖክሲውን በትንሽ በትንሹ፣ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ በጥብጪ። እኔ ሥራ ለመቀነስ ብዬ አንድ ትልቅ ኩባያ ሙሉ በጠበጥኩና ስልክ ሳነሣ ኩባያው እጄ ላይ ጋለ፣ ጨሰ፣ ቀለጠ። ብዙ ሆኖ አንድ ላይ ሲቀመጥ የራሱ ሙቀት ራሱን ያፈላዋል። ኢፖክሲው የሚበጠበጥባቸውን የሁለቱን ፈሳሾች፣ የሙጫውንና የማጠንከሪያውን፣ መጠን ደግሞ በዓይንሽ አትገምቺ፤ ይህ ወጥ አይደለም፣ «ትንሽ ይጨመርበት» አይባልም።

ብሎኑን ስንመልስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ላይ ሆነሽ ብሎኑን በካቻቢቴ እንዳይዞር ያዢ፣ እኔ ከታች ዳዶውን አጠብቃለሁ። ብሎኑ ራሱ ከዞረ አሁን ያደረግነውን ማሸጊያ ያላላዋል። ማሸጊያውም ለዘላለም የሚይዝ ማስቲሽ አይሁን፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚፈታው ሰው ይረግምሻል። ያ ሰው ደግሞ አንቺው ነሽ። እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው የቡቲል ቴፕ ይበቃል።

ድንዛዜው ሰፊ ከሆነ ግን የላይኛው ፋይበርግላስ ተቆርጦ፣ ባልሳው ተቀይሮ መልሶ መለበድ አለበት። ይህ የአንድ ክረምት ሥራ ነው። ለዚህ ነው ከመግዛትሽ በፊት የጀልባ መርማሪ አምጪ ብዬ የለመንኩሽ፤ በይ አሁን አልነዘንዝሽም።

አሁን ወደ ሆዷ እንውረድ። የመታጠቢያው፣ የሽንት ቤቱና የሞተሩ ማቀዝቀዣ ቱቦዎች ቀፎውን በስተው ያልፋሉ፣ እያንዳንዱም መዝጊያ አለው። ይኸኛውን ለመዝጋት ሞክሪ። እንቢ አለሽ? አታስገድጂው! ይህ ለቤት ባንቧ የሚሆን ተራ ብራስ ነው። ጨዋማ ውኃ ከውስጡ ዚንኩን እየመጠጠ ሮዝ መልክ ያለው ፍርፍር ብረት ያስቀረዋል፤ በእጅሽ ሊሰበር ይችላል። ከውኃው መስመር 60 ሳንቲሜትር ዝቅ ያለ፣ አራት ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። ስለዚህ ጀልባዋ ከውኃ በወጣች ጊዜ እነዚህን ሁሉ በብሮንዝ ወይም ለጀልባ ተብሎ በተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ቀይሪ። ቱቦው ጫፍ ላይ ቦታ ካለ ሁለት ሁለት ፋሼታ ይሁን። ከያንዳንዱ መዝጊያ አጠገብ የቀዳዳውን ልክ የእንጨት ውታፍ በገመድ እሰሪ፤ ውኃ ጉልበት ላይ ደርሶ ውታፍ ፍለጋ መሳቢያ አይከፈትም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ምሰሶውን ቀና ብለሽ እዪው። ያቆመው ራሱ አይደለም፣ እነዚህ ሽቦዎች ናቸው። በባዶ እጅሽ አትዳብሺያቸው፤ ሶፍት ጠቅልለሽ ከታች ወደ ላይ አንሸራትቺ። ሶፍቱን የሚይዝ ነገር ካለ አንድ ክር ተበጥሷል፣ ያ ሽቦ ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው። «የማይዝግ ብረት» የሚለው ስም አያታልልሽ። ያ ብረት ከዝገት የሚጠበቀው አየር ሲያገኝ ነው፤ እርጥበት ይዞ አየር በሌለበት ጥግ ሲቀመጥ ተደብቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሽቦዎቹ የታሰሩባቸውን ጠፍጣፋ ብረቶች፣ እነዚህን ወለሉን ሰንጥቀው የሚወርዱትን፣ አንድ በአንድ አውጥተሽ በማጉያ መነጽር እዪ። የሽቦዎቹን ዕድሜ ሻጩ ካልነገረሽ አርጅተዋል ብለሽ ቁጠሪ፤ ብዙ ባለሙያዎችና ኢንሹራንሶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ሲሞላቸው ይቀየሩ ይላሉ።

ሞተርሽ ቤንዚን ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ወርዶ ይተኛል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከማስነሣትሽ በፊት ማራገቢያውን አራት ደቂቃ አስኪጂው፣ ከዚያም አሽትቺ። አፍንጫሽን ከትነት ጠቋሚ መሣሪያ በላይ እመኚው። በየዓመቱ የማቀዝቀዣውን ፓምፕ የጎማ ክንፍ ቀይሪ፤ ለመለዋወጫም አንድ ያዢ። ኅዳር ሳይወጣ ደግሞ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን ውኃ አውጥተሽ በብርድ የማይረጋ ፈሳሽ አስገቢ፤ የሜሪላንድ ብርድ የሞተር ብረት ይሰነጥቃል።

የኤሌክትሪኩን ነገር በአጭሩ፦ ይህን የተጠላለፈ ሽቦ የሠራው አንድ ሰው አይደለም፤ የነበሯት ባለቤቶች ሁሉ አንድ አንድ ገመድ ጨምረዋል። ወዴት እንደሚሄድ የማታውቂውን ነቅለሽ ጣዪ። አዲሱ ሽቦ በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ይሁን። ከባትሪው የሚወጣው ዋናው ሽቦ ፊውዙን በ18 ሳንቲሜትር ውስጥ ያግኝ፤ የአሜሪካ የጀልባዎች ምክር ቤት ደንብ ነው፣ መሥሪያ ቤቱም እዚሁ አናፖሊስ ነው። አምፖሎቹን በኤልኢዲ ለውጪ። አዲስ ባትሪና የፀሐይ ሰሌዳ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚባክነውን ሳትቀንሺ ማከማቻ መጨመር ትርፉ ወጪ ነው።

ከታች ያለውን የቀፎ ቀለም ስትፍቂ ደግሞ ያቺን ሰማያዊ የጨርቅ ጭምብል እንዳላይብሽ። ቀለሙ ውስጥ መዳብ አለ፣ መርዝ ነው። ማጣሪያ ያለው ጭምብል አድርጊ፣ እያረጠብሽ ፍቂ፣ ልብስሽንም ከልጆችሽ ልብስ ጋር አትጠቢው።

አውቃለሁ፣ ፊትሽ ተለወጠ። «ይህ ሁሉ መቼ ያልቃል?» ነው? አያልቅም። አዲስ ሸራ ወይም አዲስ ሞተር ብቻውን ይህችን ጀልባ ከገዛሽበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ጨርሼ እወጣለሁ አትበይ። በየግቢው በድጋፍ ቆመው ሸራ የለበሱትን ጀልባዎች አይተሻል? ብዙዎቹን ያስቀራቸው ብልሽት አይደለም፤ ባለቤቶቻቸው ፍጹም እስክትሆን ብለው ጠበቁ፣ ልጅ መጣ፣ ሥራ ተለወጠ፣ ወገብ ታመመ። አንቺ መዝጊያዎቹን፣ የምሰሶውን ሽቦዎችና የነዳጁን መስመር ካስተካከልሽ እሑድ እሑድ ውጪ። ቼሳፒክ ጥልቀቱ በአማካይ ሰባት ሜትር አይሞላም፣ መጠጊያ ወሽመጥ ሞልቶታል፣ ለጀማሪ ደግ ውኃ ነው። ስትወጪ ደግሞ ቀጥሎ ምን መጠገን እንዳለበት እሷው ትነግርሻለች፤ ግቢ ውስጥ ቆማ ግን ዝም ነው የምትለው።

በይ አሁን ሳይመሽብን እንጨርስ። ይህን የሶፍት ጥቅል ያዢ። ከወለሉ ሥር ግቢና በየብሎኑ ጫፍ አንድ አንድ ቁራጭ በቴፕ ለጥፊ፣ ቁጥር ጻፊበት፣ ቁጥሩንም ደብተርሽ ላይ አስፍሪ። ዛሬ ሌሊት ዝናብ አለ ብለዋል። ጠዋት ቡና ይዤ እመጣለሁ፣ እየዞርን ሶፍቶቹን እንነካለን። የረጠበው ቁጥር የሳምንቱ ሥራችን ነው። ሁሉም ደርቀው ያደሩ ቀን ብሩሹን እኔው ራሴ አቀብልሻለሁ።